በሽቦ ታስራለች ተብላ ስለታሰረችው መኪና

ለተከበሩ የከተማችን የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በቢሮዎ ወይም በስብሰባዎ፣ ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለማኅተምዎም የማያቋርጥ ጤንነት እመኛለሁ። የእርስዎን ጤና ከመጠየቄ በፊት ግን የጎረቤቴን ልንገርዎ፤ እስካሁን ሳያስቡላት እንዳልቀሩ እገምታለሁና። የተሰበረው ዳሌዋ ተመስገን ይሻላታል። ዱላዋን ይዛ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ እኔ በር ትደርሳለች፤ መመለሱን ግን እኔ ካልደገፍኳት አትደፍረውም። ሐኪሙ ደረጃ ከልክሏታል፣ ዝቅ ያለ መቀመጫም ከልክሏታል፤ ይህን ሁለተኛውን ክልከላ እኔና እሷ ተመካክረን አልተቀበልነውም፣ ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ። ልጇ ደህና ነው፣ ምራቷም ደህና ናት፣ የልጅ ልጇ ጥርስ አብቅላ ስልኩን እየነከሰች ከአያቷ ጋር ታወራለች። ይኸው ልጇ ነው እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ መጥቶ እናቱን ለዘለቄታው ወደ ቤቱ ሊወስዳት የቆረጠው። ቤቱ ከከተማው ማዶ ነው፤ አሳንሰር አለው፣ ረዳት አለው፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አዘጋጅቶላታል። ደግ ልጅ ነው፣ ደግነቱ ደግሞ የሚከራከሩት ዓይነት አይደለም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ፣ ግድግዳችን አንድ ነው። እሷ ማሽኗን ስትረግጥ እኔ ቤት መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይነጋገሩ ነበር። በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቺ ነው የምንባባለው። ቅዳሜ ወደ ልጇ ቤት የምትሄደው በእኔ መኪና፣ ከጎኔ ተቀምጣ ነው ብለን ቃል ተግባብተናል። ያቺ መኪና ደግሞ ዛሬ ሰሌዳዋ ተፈትቶ ግቢዎ ውስጥ ታስራ ቆማለች። ደብዳቤዬ በአጭሩ ይኸው ነው። የሚቸኩሉ ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ይችላሉ፤ ቁልፉንና ሰሌዳዋን ለበር ጥበቃው ቢተዉልኝ መጥቼ እወስዳለሁ። የማይቸኩሉ ከሆነ ግን፣ እንደማይቸኩሉም አግዳሚ ወንበርዎ ላይ ተቀምጬ ተረድቻለሁ፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ደብዳቤውን በጋዜጣ ግልጽ አድርጌ መላኬ ለድፍረት አይደለም። መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ እድሜ ይስጣትና፣ የታሸገ ደብዳቤ ተከፍቶ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ ወር ሊፈጅ እንደሚችል አማክራኛለች። እኔም መክፈቱ ሥራ እንዳይሆንባችሁ ብዬ ከነጭራሹ ተከፍቶ እንዲመጣ አደረግሁት።

መኪናዋን ያውቋታል። ግቢዎ ውስጥ ካሉት ሁሉ ዝቅ ያለችው፣ አረንጓዴዋ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነው ናት። ሰፈሩ ሳሙና ይላታል፤ ታጥባ ታጥባ ጥጓ የሟሟ ሳሙና ስለምትመስል ነው። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ቀኑን ሙሉ ሕዝብ ስጭን ውዬ ሲመሽ አንድ ሰው ብቻ ነው መጫን የምፈልገው ብሎ፣ ከተማውን ለቆ ከሚሄድ ሰው ላይ አሮጊት ሆና ሳለች ገዛት። እኔም ያ አንድ ሰው ሆኜ ብዙ ዘመን ተቀምጬባታለሁ። መንዳትም ያስተማረኝ በእሷ ነው፤ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ በሌለ ፍሬን ወለሉን እየረገጠ።

እሱ ሲገዛት ድፍን ቸርኬ፣ ማለትም ድፍን የጎማ ብረት፣ ነበራት፣ እንደማንኛውም የቤት መኪና። እሱ ግን ይቺ መኪና በሽቦ ጎማ ነው መሄድ ያለባት፣ ይሄ የተዋሰችው ጫማ ነው ይል ነበር። የሽቦ ጎማ ማለት፣ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ባይሆንብኝ፣ እንደ ብስክሌት መሃሉ በራጂ፣ በቀጫጭን የሽቦ ዘንጎች፣ የተዋቀረ ጎማ ነው። መኪናዋ ስትቆም በጎማዋ ውስጥ ማዶ ያለው ሰው እግር ይታያል፤ ስትሄድ ራጂው ይጠፋና ብርሃን ብቻ ይቀራል። ባለቤቴ ይህን ብርሃን ፈልጎ ዝገታቸው የሚራገፍ አራት የሽቦ ጎማዎች ከወዳደቀ ብረት መሃል አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ሳሙና በምታድርበት ቆርቆሮ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው። እዚያው እንደተሰቀሉ እሱ ቀደመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም ሰው ቤት ለቅሶ ደርሰው ያውቁ ይሆናል። መጀመሪያ ቤቱ ወንበር እስኪጠፋ ይሞላል፣ ከዚያ በር የሚያንኳኳው እየሳሳ ይሄዳል፣ ከዚያ ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ሲመጣ ሻይ ካልጠጣህ አትሄድም ማለት ይጀመራል። ቆጣሪ አንባቢው ሌላ ሰፈር ተዛወረ። እኔም አንድ ጠዋት ተነሳሁና ጎማዎቹን ከግድግዳው አወረድኋቸው፣ ነገንም ጠራሁት።

ነገ መካኒካችን ነው። መቼ ትጨርሳለህ ያለው ሁሉ ነገ የሚል መልስ ስለሚያገኝ ስሙ እዚያው ላይ ቀረ። ነገ ትናንት መጥቶ ነበር፣ ነገ ዛሬም አልመጣም እያልኩ ሳስረዳ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች በሐዘኔታ ስላዩኝ ነው እዚህ ላይ ማብራራቴ። ድፍኑ ጎማ በአራት ዳዶ ነበር የሚታሰረው። የሽቦው ግን ሞዞውም፣ ጎማው የሚገባበት የመሃል ብረት፣ አብሮ መለወጥ አለበት፤ ዙሪያውን ጥርስ ባለው ሞዞ ይተካና ጎማው እንደ ባርኔጣ እላዩ ላይ ይጠለቃል፣ መሃሉ ላይ ክንፍ ያለው አንድ ትልቅ ዳዶ ይገባና በመዳብ መዶሻ ተመትቶ ይጠብቃል። ይህን ነገ ያዘው። የራጂው ጽዳት የእኔና የጎረቤቴ ድርሻ ሆነ። እግሯ ማሽኑን መርገጥ ካቆመ ወዲህ እጇ ሥራ ፈቶ ነበር። ከፍ ያለ ወንበር ቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ አወጣሁላት፣ ጎማውን ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩላት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ነጭ ጋዝ ይዘን ተቀመጥን። ራጂዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እንዴት እየተላለፉ እንደሚሄዱ ስታይ፣ አንቺ፣ ይሄ እኮ ብረት ሥራ አይደለም፣ ስፌት ነው፣ ብላ ተገረመች። እሷ ስለ ባሏ፣ እኔ ስለ ባሌ፣ ሁለታችንም ስለ ምራቷ እያወራን፣ በሬዲዮው ጣቢያ እየተጣላን፣ ዝገቱ ከእጃችን ሳይለቅ ከሰዓት በኋላዎቻችን ሁሉ እዚያ አለቁ። ነገ መጣ፣ ነገ ቀረ፤ ቀረ ብለን የተቆጣነው ለወጉ ነው።

ነገ በመጨረሻ፣ ባልተለመደ ሁኔታ፣ አልቋል አለ። ጎረቤቴ ብሩሿን አንስታ፣ ኧረ ይቺ ራጂ ሥር ዝገት ቀርቷል፣ አለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ምንም አልነበረም። አዎ ቀርቷል፣ አልኩ። ያን ቀን እስኪመሽ የሌለ ዝገት ስናጸዳ ዋልን።

እነዚህን ጎማዎች ነው እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ ተቀብሎ ያስተናገደልኝ። ለመስተንግዶው ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሽቦ። ለዓመታዊ ምርመራ ሳሙናን ይዤ ስገባ መነጽር ያደረገው መርማሪዎ በትሕትና ቁጢጥ ብሎ ጣቱን በራጂዎቹ መሃል ሰደደና፣ ይሄ ምንድን ነው እናት፣ አለኝ። የሽቦ ጎማ ነው አልኩት። ያሳሰራት አፌ ነው፤ ራጂ ብለው ኖሮ ዛሬ ሳሙና ቤቷ ነበረች። ሽቦ የሚለውን ቃል እንደሰማ መመሪያውን ገለጠ፣ ማንኛውም የተሽከርካሪ አካል በሽቦ፣ በገመድ ወይም በጨርቅ ታስሮ ቢገኝ የሚለውን አንቀጽ አገኘና፣ ጎማዎቹ በሽቦ የታሰሩ ናቸው ብሎ ጻፈ። ጌታዬ፣ ሽቦው እኮ ራሱ ጎማው ነው፣ ሽቦው ቢወጣ ጎማ የሚባል ነገር የለም፣ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ እሱማ የባሰ ነው፣ አለኝ። በሽቦ ታስራለች ተባለችና ታሰረች። ከእኔ ፊት የነበረው የጭነት መኪና በሩ በገመድ ተጠፍሮ አልፏል፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፣ ገመዱ አዲስ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁና። ቃላትን እንዲህ አክብሮ የሚይዝ ጽሕፈት ቤት ስላለን አመሰግናለሁ። እኔ በትምህርቴ ብዙም ያልገፋሁ ሴት ስሆን፣ ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጠፉት ዳዶዎች። የምርመራ ወረቀታችሁ በእያንዳንዱ ጎማ ስንት ዳዶ አለ ብሎ ይጠይቃል፣ ከአራት ማነስ እንደሌለበትም ያስጠነቅቃል። የሳሙና ጎማ አንድ አለው። መርማሪዎ አንድ ከአራት ቀንሶ፣ ሦስት ይጎድላል ብሎ በየጎማው ሞልቷል፤ በሂሳቡ ላይ ቅሬታ የለኝም። የጎደሉት ዳዶዎች ሲጠፉ ለፖሊስ አመልክቼ እንደሆነ ግን በሌላ መስኮት ተጠይቄአለሁ። አላመለከትኩም። ጎረቤቴን ብጠይቃት፣ እነሱማ ገና ሳይፈጠሩ ነው የጠፉት፣ ብላኛለች። ቢሆንም በጽሕፈት ቤትዎና በእኔ ቤት መካከል ያለውን መንገድ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የምመላለሰው፤ አንገቴን ደፍቼ የሚያዩኝ ሰዎች በሐዘኔ ምክንያት መስሏቸው ያጽናኑኛል፣ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ጉዳይ ረዘም ስለሚል ሻይ ይዘው ቢያነቡት ይሻላል። ጎማው በምን እንደታሰረ ለማጣራት ተፈትቶ ይታይ ተባለ። ውሳኔው መልካም ነበር። ነገር ግን ይህ ባለ ክንፍ ዳዶ በቀኝ በኩል ያለው ወደ አንድ ወገን፣ በግራ በኩል ያለው ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚፈታው፤ መኪናዋ በሄደች ቁጥር በራሷ ጉዞ እየጠበቀ እንዲሄድ የታሰበ ነው ይላሉ። እኔም ያወቅሁት ነገ ራሱ ተሳስቶ ሲራገም ሰምቼ ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። ሁለቱ ሠራተኞችዎ የቀኙን ፈቱ፣ ተደሰቱም። ከዚያ ወደ ግራ ዞረው በዚያው አቅጣጫ በብረት መዶሻ መቱት። በመቱት ቁጥር ጠበቀ፤ በጠበቀ ቁጥር እልህ ይዟቸው ጨምረው መቱት። አንዱ ላቡን ጠርጎ፣ ይሄ ነገር ተበይዷል፣ አለ። ሌላው፣ ብየዳ ነው በቃ፣ ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ዛሬ በእጄ ሁለት ወረቀት አለኝ፤ አንዱ በሽቦ ታስሯል ይላል፣ ሌላው ተበይዷል ይላል። የተበየደ ነገር ሽቦ ለምን እንዳስፈለገው ሁለቱ ሰዎች ሻይ ላይ ተገናኝተው ቢወያዩልኝ ደስ ይለኛል።

በማግስቱ ላግዝ ብዬ የነገን የመዳብ መዶሻ በቦርሳዬ ይዤ መጣሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ከመዝገቡ ቀና ብሎ፣ ሥራሽ፣ አለኝ። ተኳሽ፣ አልኩት። እኔ ተኩሼ የማውቀው የሸሚዝ ኮሌታ ነው። እሱ ግን ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና፣ ቦርሳሽን ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ አለኝ። ከፈትኩት፤ መዶሻ ወጣ። ከዚያ በኋላ ካውያ ነው፣ ልብስ ነው፣ እንፋሎት ነው ብል ማን ይስማኝ። መዶሻው እስካሁን በር ላይ በአደራ ተይዟል። እንግዲህ መኪናዬ ታስራ፣ የነገ መዶሻ ታስሮ፣ ከቤተሰቡ ተፈትቼ የምገኘው እኔ ብቻ ነኝ። መፈታት እንዲህ ብቸኛ ያደርጋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አራተኛ፣ ስብሰባ ላይ ነዎት።

ይህ ቅሬታ ሳይሆን ዜና ነው፤ በመጣሁ ቁጥር የምሰማው እሱን ነው። በተለይ ምሳ ሰዓት ላይ ስብሰባው ይጠብቃል። ስለ አግዳሚ ወንበሩ ግን ከልቤ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጬ አላውቅም። የሰው ልጅ ስም ሰማሁ፣ የሰው በሽታ ሰማሁ፣ ለማላውቃት ሙሽራ የቀሚስ ምክር ሰጠሁ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ድካም ጥሎት ራሱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ጸጉሩ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ባለቤቴም እንዲያ ነበር ከሥራ ሲገባ። አልቀሰቀስኩትም፤ ስሙ ሲጠራ ብቻ ክርኑን ነካ አደረግሁት።

አምስተኛ፣ ስለ ዝቅ ያለው መቀመጫ፣ ቅድም እደርስበታለሁ ስላልኩት። ሳሙና ውስጥ መግባት መቀመጥ ሳይሆን መውደቅ ነው፤ ሰው እንኳን ዳሌው ተሰብሮ በደህናውም አይችለውም። ስለዚህ እኔና ጎረቤቴ ኮሪደሩ ላይ አጭር በርጩማ አስቀምጠን ስንለማመድ ሰነበትን። እኔ የመኪናዋ በር እሆናለሁ። እሷ ጀርባዋን ትሰጥና ዱላዋን ታቀብለኛለች፣ ትከሻዬን ትይዛለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ሁለቱን እግሯን አንድ ላይ ወደ ውስጥ ታስገባለች። ሞተሩም እኔው ነኝ፣ በአፌ። መጀመሪያ ቀን ወርዳ መነሳት አቃታት፤ ስንስቅ ጉልበታችን አለቀና ምሳችንን እዚያው መሬት ላይ በላን። አሁን ትችለዋለች። ባለፈው ሰኞ በርጩማው ላይ ከተመቻቸች በኋላ የኮሪደሩን ግድግዳ ግራና ቀኝ እያየች፣ እንዴት ያለ አገር ነው እቴ የምናልፈው፣ አለችኝ። ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ነው። እኔም ያን ጊዜ በዓይኔ የመጣብኝ ግድግዳው አልነበረም።

ልጇ የራሱ መኪና አለው፤ ወንበሩ አልጋ ነው፣ በሩ ሰፊ ነው፣ ሐኪሙም ቢያየው ይደሰታል። እሷ ግን፣ አንተ ማሽኔን ውሰድልኝ፣ እኔ በሳሙና እመጣለሁ፣ ብላዋለች። ሳሙና እስከ ቅዳሜ ካልተፈታች ግን ታዲያ ምን ታደርጋለች፣ እሺ ብላ በእሱ ትሄዳለች። ያን ብሩሽ ይዛ ያጸዳችው ጎማ ሲሽከረከር ሳታይ ትሄዳለች። እኔም መንገድ ላይ ቆሜ እጄን አውለብልቤ እገባለሁ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎችም ዝም ይላሉ።

ልብ ይበሉልኝ፣ ክቡር ኃላፊ። ቅዳሜ ስለ መመለሻው አቤት አልልም። መመለሻውን ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ብቻዬን እንደምነዳው አውቃለሁ፣ እሱን ማንም ጽሕፈት ቤት አያስተካክለውም። እኔ የምለምንዎ መሄጃውን ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፣ በመመሪያው ላይ በሽቦ የታሰረ የሚለው ቃል በሽቦ የተሠራን እንደማይጨምር በአንድ መስመር ጽፈው፣ ሳሙናን ከሰሌዳዋ ጋር፣ መዶሻውንም ከበር ላይ እንዲፈቱልኝ ነው። የግራውን ጎማ እኔና ነገ መጥተን እንፈታዋለን፤ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚዞር ሠራተኞችዎ ማየት ከፈለጉ ሻይ በእኔ ነው።

ሥራዎ እንዲበዛ፣ ስብሰባዎ እንዲያጥር፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ በሄዱበት ሁሉ የእርስዎን በር የሚያንኳኳ ሰው እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ለመቆም ዕድል ያላገኘሁ፣ በአግዳሚ ወንበርዎ ላይ ግን ቋሚ የሆንኩ ታዛዥዎ ነኝ፤

የአውቶቡስ ሹፌሩ ሚስት
ተኳሽ፣ መሣሪያዬ ካውያ ብቻ

ግልባጭ፦
ለባለ መነጽሩ መርማሪ
ለመካኒክ ነገ፣ ነገ እንዲደርሰው
ለጠፉት ዳዶዎች፣ ባሉበት

የተረሳ ነገር፦ ደብዳቤውን ወደ ጋዜጣው ልወስድ ጫማዬን ሳስር፣ ከግቢዎ አጥር ማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴት መጣች። ቦታዋ ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ፣ ሽቦም ስለሌላት፣ ሊያስሯት እንደማይችሉ ተማምኜ ነው የምጠቅሳት። ይህን ሰሞን ጠፋሽ፣ አሞሽ መሰለኝ፣ ብላ ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው፤ ሰው እንዲህ ብሎ በሬን ካንኳኳ ቆይቷል። ስለ ስብሰባዎ ሳነሳባት ሳቀች። የኃላፊው ስብሰባ እኮ ያንቺ መኪና ውስጥ ነው፣ አለችኝ። ምሳ ሰዓት ግቢው ጭር ሲል ሻዩን ከእኔ ወስዶ ይገባል፣ መሪው ጋ አይደለም፣ በዚያኛው ወንበር ነው፤ በሩን ይዘጋና ይቀመጣል፣ ምንም አይነካም፣ ሻዩን ይጠጣል፣ የሹፌሩን ወንበር ያያል፣ ሲጨርስ ብርጭቆዬን መልሶ ይሄዳል፣ አለች። እኔም በመመሪያዎ መሠረት ለሕይወት አስጊ የሆነች መኪና ውስጥ በየቀኑ መቀመጥዎ ከልብ አሳስቦኛል። ሻዩ ወንበሩ ላይ ከፈሰሰ ለብ ባለ ውኃ ይለቃል፤ ሙያዬ ነው።

ጎረቤቴም ወሬውን በግድግዳው ሰምታ ኖሮ በዱላዋ መጣች። እንደ እኛ ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። የበሩን መቃን ተደግፋ፣ እሱም ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የለውም ማለት ነዋ፣ አለች። ከዚያ ብዕሩን እንዳነሳ በዱላዋ እያመለከተች፣ በይ ጨምሪበት፣ አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩን ይልቀቅልኝ በይው፣ የተለማመድኩበት ነው። ከቅዳሜ በኋላ ግን ደስ ካለው ይቀመጥበት፤ ያን ጊዜ ባዶ ነው።